አባቴ መስፍኑን እንደገና ሲተርክ

አባቴ ሬዲዮው እንዲከፈትለት ፈልጎ «በሩን» አለ። እናቴ በሩን ከፈተች። ተቆጥቶ ራሱን ነቀነቀ። አሁንም «በሩን» አለ። ከዚያ የአፉ ቀኝ ጎን ወደ ታች ወረደ። ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ።

ጎረቤታችን «ምች ነው፤ ዳማከሴ አሽታችሁ አጠጡት» አለች። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ስለ ስትሮክ ዘግቤ ስለማውቅ ባጃጅ ጠራሁ። ሆስፒታል የተነሣው ሲቲ ስካን በአንጎሉ ግራ ክፍል አንድ የደም ሥር መዘጋቱን አሳየ። ሕይወቱ ተረፈ። ንግግሩ ሄደ።

«አፌዥያ ይባላል» አለችን ሐኪሟ። «የምትሉትን ይረዳሉ፤ ቃሉን ማውጣት ነው ያቃታቸው። ይመለስ እንደሆነ አሁን ልነግራችሁ አልችልም።»

አባቴ በወልቂጤ፣ በኋላም በቡታጅራ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ከሁሉም አብልጠው የሚያስታውሱት ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የኖረውን የአንድ ስኮትላንዳዊ መስፍን ታሪክ ነው። እኔም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። መስፍኑ በመጀመሪያ በእምነት ጉዳይ ንጉሡን ከተቃወሙት ጋር ቃል ኪዳን ፈርሞ ተዋጋ፤ በኋላ ግን ወገኖቼ ከልክ አለፉ ብሎ ለንጉሡ ዘመተ። በብርዱ ወራት ጦሩን በበረዶ ተራራ አሻግሮ ጠላቱ ሳያስበው ደረሰበት። እዚህ ላይ አባቴ «የአረቅጥ ደጋ ብርድ ለዚህኛው የልጅ ልጁ ነው» ሲል ከዚያ የመጡት ልጆች ያጉረመርሙ ነበር። በመጨረሻ መስፍኑ ተሸንፎ ተሰደደ፤ ሲመለስ ያስጠጋው ሰው አሳልፎ ሰጠው። ሠርግ የሚሄድ ይመስል አምሮ ለብሶ ወደ መሰቀያው ሄደ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። በሽተኛ እንዳይደክም ሌላ ሰው ይመልስለታል፤ ልማዳችን ነው። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት እናቴ «ደህና ነኝ ይላል» ትላለች። እህቴ የበላውን ትነግራቸዋለች። እሱ አፉን ከፍቶ ይዘጋል።

ለክትትል ስንሄድም እንደዚያው አደረግን። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የጠየቅሁት እሳቸውን ነው። ስትሮክ የያዛችሁ እናንተ ናችሁ እንዴ? ጠብቋቸው።»

ጠበቅን። ከባድ ነበር። ያልበዋል። አንገቱ ይገታተራል። ቃሉ አይመጣም። አንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምግብም አልፈልግም አለ፣ በእጁ።

በዚያው ሳምንት የቀድሞ ተማሪው ጀማል ከቡኢ መጣ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ቲቸር! ያንን ስኮትላንዳዊ ትናንት ለልጆቼ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያውም የንጉሡ ሰው ነበር አይደል?»

አባቴ ከግድግዳው ዞረ። እናቴ ልትመልስለት ስትል እጇን ያዝኩት።

«አይ…» አለ። ጠበቅን። «አይደለም።» ደግሞ ጠበቅን። «ፈርሟል። መጀመሪያ… ፈርሟል!»

ጀማል እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። «ፈተና ላይም ዜሮ የሰጡኝ በዚህችው ነው፣ ቲቸር!»

«ሰነፍ» አለው አባቴ፣ ጥርት አድርጎ።

ለሐኪሟ ስነግራት «ካነቃቸው ቀጥሉ፤ ግን እንዳይደክሙ» አለች። ከዚያ በኋላ ከፊዚዮቴራፒው ጎን ለጎን፣ የሚመጣው ተማሪ ሁሉ መስፍኑን ሆን ብሎ እያሳሳተ ይተርካል፤ አንዱ ተራራውን ያስቀረዋል፣ ሌላው ከስቅላት ያድነዋል፣ አባቴም ቃል በቃል እየፈለገ፣ አንዳንዴም እየተሳደበ ያርማቸዋል። ዛሬ ቀኝ እጁ ገና ደካማ ነው፤ ስሞች ይጠፉበታል፤ ታሪኩን ግን አንድ ሙሉ ከሰዓት ወስዶ ከዳር እስከ ዳር ይናገራል። በልጅነቴ በአንድ ክፍለ ጊዜ የጨረሰው ነው። እንዲህ ተንቀራፎ ሲመጣ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ሐኪሟን፣ ፊዚዮቴራፒስቱን፣ እየተመላለሱ የተሳሳቱትን ተማሪዎች ሁሉ አመሰግናለሁ። በቤታችሁ ይህ ሕመም ለገባባችሁ የምለው ይህን ነው፦ አፍ ሲጣመም ምች ነው ብላችሁ ሰዓት አታጥፉ፤ ሆስፒታል ሩጡ። ስትመለሱም በበሽተኛው ፈንታ አትናገሩ። የሚወደውን ነገር ጠይቁትና ቁጭ በሉ። ዝምታው ይረዝማል። ቃሉን እየፈለገ ነው።