ስሙ ያልታወቀው ባለውለታ

የኔታ ይርዳው ሰቆጣ ላይ ዜማ ማስተማር ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቁጣቸው ለጉድ ነው። ተማሪ አንዲት ቃል ከዘለለ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ አድርገው «ከመጀመሪያው!» ይላሉ፤ ንዴቱ ሲብስባቸው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ ነው የሚቀጥሉት።

አምና አንገታቸው ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣች። ንቀው ተዉአት። እንቁላል አክላ ድምፃቸውን ስታፍናቸው ግን ደነገጡና ሐኪም ቤት ሄዱ። የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ነው ተባሉ። በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት በደም ሥራቸው ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ቤታቸው ሆነው አምስት ቀን ኪኒን ይውጣሉ። ሐኪሙ «ጠዋት ጠዋት፣ ምግብ ቀምሰው» ብሎ አጥብቆ ነገራቸው።

ተመስገን ነው፣ በአራተኛው ዙር እብጠቷ ጠፋች፤ ድምፃቸውም ተመለሰ። ጉንጫቸው ግን ድቡልቡል አለ። ይሄኔ ሁዳዴ ገባ። አንድ ጎረቤት «የኔታ፣ ዘንድሮስ ጾሙ ተስማማዎት» ብሎ ቀለደባቸው። ቀልዱ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። ተማሪ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ መምህሩ ጠዋት ሊበላ ነው? እብጠቱ እንደሆነ የለም! አምስተኛውን ዙር ወስደው ሲመለሱ ኪኒኑን ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

በሁለተኛው ቀን ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ እስከዳር ከአዲስ አበባ ለዕረፍት መጣች። ሥራዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ያልተነካውን ኪኒን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«የኔታ፣ እኔ እኮ ይህንኑ በሽታ በሳሕን ነው የማሳድገው» አለቻቸው። «ከታማሚ ሰው የተወሰደ ሕዋስ አለን። እንቀልበዋለን፤ ይራባል። ይህ ኪኒን ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ዘመድ ነው። ጠብ ስናደርግበት ሕዋሱ መራባቱን ይተዋል፤ በቀናት ውስጥ እየተሰባበረ ያልቃል። ግን ሁሉም አይሞትም። መድኃኒቱን ቶሎ አጥበን ካነሳንለት፣ የተረፈው ጥቂት እንደገና ሳሕኑን ይሞላዋል። ጉንጭዎንም የነፋው ኪኒኑ እንጂ ቁርሱ አይደለም።»

ይመጣል ብላ የፈራችው የየኔታ ቁጣ አልመጣም።

«ሰውየውስ ማነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሕዋሱ የተወሰደበት።»

«እኔ ሳልወለድ የሞተ ሰው ነው፣ የውጭ አገር ሰው፤ ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው» አለቻቸው። የክርስትና ስሙን ጠየቋት። ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። ለሞተ ሰው ጸሎት የሚደረሰው በክርስትና ስሙ ነው፤ በቁጥር ማን ይጸልያል?

«እሱ ሞቶ እንኳ ለእኔ ይታመምልኛል?» አሉ የኔታ፤ እንባቸው ያን ድቡልቡል ጉንጭ አራሰው። «እኔ ደግሞ ለሰው አፍ ብዬ መድኃኒቱን እጥላለሁ!»

እስከዳር ሐኪሙ ዘንድ ደወለች፤ ዛሬውኑ ይጀምሩ አለ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ አምላክም ሲነገራቸው መጀመሪያስ ማን ከለከለዎት ብለው ተቆጡ፤ እንጀራውን በሽሮ ራሳቸው ቆርሰው አጎረሷቸው። የኔታ ጎርሰው ኪኒኑን ዋጡ። ያ ጎረቤት በበራፍ ሲያልፍ አያቸው፤ ግድ አልሰጣቸውም።

ከፋሲካ በኋላ የመጨረሻው ዙር አለቀ፤ ተመርምረው የበሽታው ምልክት አልተገኘባቸውም። የኔታ ዳቦና ጠላ አዘጋጅተው ተማሪዎቻቸውን ጠሩ። ቄስ ገብረ አምላክ ሊጸልዩ ቆመው፣ ዝክሩ የማን እንደሆነ ጠየቁ።

«ስሙን አላውቀውም» አሉ የኔታ፣ አንዲት ቃል ሲዘለል የማይወዱት ሰውዬ። «‹ጌታ ሆይ፣ ስሙን አንተ የምታውቀውን ያንን ሰው አስብልኝ› ብለው ይጸልዩልኝ።»

ቄሱ እንዳሏቸው ጸለዩ። ከአሜኑ ሁሉ በላይ የተሰማው የየኔታ ድምፅ ነበር።