«ገደማ» ለኮከብ ብቻ

ዓርብ ነሐሴ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ከቦሌ አየር ማረፊያ ተነሣሁ። መድረሻዬ ዴንማርክ፣ ዕድሜዬ አርባ፣ ሻንጣዬ ሃያ ሦስት ኪሎ። ከሃያ ሦስቱ አራቱ እኅቴ ያሰረችልኝ በርበሬና ሽሮ ነው።

ፊዚክስ ተምሬ አሥራ አምስት ዓመት በጋዜጠኝነት ሠራሁ። የነፃ ትምህርቱ ዕድል ሲመጣ «በዚህ ዕድሜህ?» ያላሉኝ አባቴ ብቻ ናቸው። ከሳሊተ ምሕረት ወደ ምሥራቅ፣ ድሮ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ የሠሩት ቤት ደጃፍ ቆመው ሸኙኝ። ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ሂድ እንጂ፣ ምን ትፈራለህ?» አሉኝ። «ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ምን ልማር እንደመጣሁ የሚጠይቁኝ ብዙ ስለሆኑ አንዴ ልጻፈው። ኮከብ ሲያረጅ ያብጣል፣ ይቀላል። ውስጡ ሲናጥ ገጹ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑም በጥቂቱ፣ እጅግ በጥቂቱ፣ ይዋዥቃል። ከምድር ሆኖ ይህን ለመለየት አየሩ ያስቸግራል፤ የጠፈር ቴሌስኮፕ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ለወራት ይመዘግባል። ሸክላ የሚገዛ ሰው ማሰሮውን በጣቱ አንኳኩቶ ስንጥቁን በድምፁ ያውቅ የለ? የእኛም ሥራ ይኸው ነው። ሳንከፍተው ውስጡን፣ ከውስጡ ተነሥተን ዕድሜውን እናሰላለን።

አገሩ ነፋስ ነው። ክረምታችን ቢዘንብ ይዘንብና ያባራል፤ እዚህ ግን ዝናቡ ወደ ጎን ነው የሚመጣው፣ ጃንጥላዬ በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረ። ሩብረዝ የሚሉት ጥቁር ዳቦ አላቸው፤ ኮምጠጥ ስለሚል ዓይኔን ጨፍኜ በሽሮ በላሁት፣ አላሳፈረኝም። ሲገናኙ «ሃይ» ይላሉ፣ ሲለያዩ «ሃይ ሃይ»። እኛ ዘንድ ሃይ የሚባለው ጥፋተኛ ነውና መጀመሪያ ሰሞን ሱቅ በገባሁ ቁጥር ምን አጠፋሁ እያልኩ እጄን አይ ነበር።

ጥፋቴ የተገኘው በመስከረም መጨረሻ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ ሁለት ወረቀቶቼን ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ፓስፖርቱ ሜይ 1 ቀን 1971 ተወለዱ ይላል። የልደት ሰርተፍኬትዎ ደግሞ ኤፕሪል 23 ቀን 1963።»

«ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው።»

«ስምንት ዓመት የሚረዝም ቀን?»

«በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን 1963 ነው፤ የተረጐመው ሰው ወደ እናንተ አቆጣጠር ሳይለውጠው...»

«በእኛ አቆጣጠር ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወለደው። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የከዋክብትን ዕድሜ መለካት።»

መነጽሯን አወለቀች። «እንግዲያው ከራስዎ ይጀምሩ። ስምንት ሳምንት አለዎት። ትክክለኛው ማረጋገጫ ካልመጣ ይመለሳሉ። ሃይ ሃይ።»

ትርጉሙን ያሠራሁት ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሰው ቀን ሳጣራ ኖሬ የራሴን ሳላነብ ፈርሜ ወሰድኩ። ተርጓሚውን መውቀስ ይቻላል፤ ማንበብ ግን የእኔ ሥራ ነበር።

በዚያው ቀን አባቴ ጋ ደወልኩ። ከወረዳው ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ማህተም ይኑረው አልኳቸው። «እሺ» አሉ። እኔም ወደ ኮከቤ ተመለስኩ። ብመለስም ባልመለስም ስሌቱ መጨረስ ስላለበት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ ማታ እወጣ ነበር።

እሑድ ጥቅምት 19 ቀን እንደገና ደወልኩ።

«አባባ፣ ደብዳቤው እንዴት ሆነ?»

«ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ማህተሙ ስብሰባ ነው።»

«ማህተሙ?»

«ኃላፊው በኪሱ ይዞት ይዞራል ማለት ነዋ! ግድ የለም፣ ነገም እሄዳለሁ። ይልቅ ያ ኮከብህ ዕድሜው ታወቀ?»

«ስድስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ።»

«ገደማ?» ሳቁ። «ለኮከቡ ገደማ ይፈቀድለታል፣ የእኔ ልጅ ግን ቀንና ወር ይቁጠር! አንተን የጊዮርጊስ ዕለት መወለድህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ኮከቡንስ ማን አዋለደው?»

ከኋላቸው የልጆች ጫጫታና ደረጃ የሚወርድ የብዙ እግር ኮቴ ይሰማል። የማን ልጆች ናቸው አልኳቸው።

«የጎረቤት» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር።

ደብዳቤው ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ጸሐፊዋ ሁለቱን ቀኖች በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ ኮፒ አነሣች፣ ፈቃዱ ጸደቀ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያለፈው ጥፋቴ አስተምሮኝ፣ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ቃል በቃል አነበብኩት። ስሜ ልክ ነው። ቀኑ ልክ ነው። የአባቴ አድራሻ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ቁጥር አለው፤ አራተኛ ፎቅ ይላል።

ከአውቶቡስ ወርጄ ደወልኩ።

«አባባ፣ እዚህ ላይ አራተኛ ፎቅ የሚል አለ።»

«አዎ። ጉልበቴን ነው እንጂ አየሩስ ጥሩ ነው።»

«ቤቱስ?»

«መንገድ ሆነ። ሰፊ ነው፣ ስትመጣ ታየዋለህ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ያንተ ወረቀት ይለቅ ብዬ ነዋ። አለቀ?»

«አለቀ።»

«ተመስገን!»

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። «መቼ ነው የፈረሰው?»

«ጻፍ» አሉኝ። «ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።»