እግሬን ወለም አላለኝም

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መኪናዬ ውስጥ የተደረደሩትን የልብስ ከረጢቶች ያየ አንድ የማውቀው ሰው ሳቀብኝ። «ለልባሽ ሱቅ ልትሰጪ? በነጻ ወስደው እኮ ነው የሚሸጡት! ምን አለፋሽ?» አለኝ። አዎ፣ ይሸጡታል። በዚያ ሽያጭ ሰው ከሆኑት አንዷ እኔ ነኝ። ለእሱ በአጭሩ መለስኩለት፤ ለእናንተ ግን ረዘም አድርጌ ላውራችሁ።

አሜሪካ፣ ሲያትል የመጣሁት በሃያ ዓመቴ፣ የከተማው ባቡር ገና ቢከን ሂል የሚባለው ሰፈር ሳይደርስ ነው። ያረፍኩት አክስቴ እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። ደግ ሴት ናቸው፤ አብልተውኛል፣ ካፖርት ገዝተው አልብሰውኛል። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው አለ፤ እግሬ። ቀኝ እግሬን በሕፃንነቴ ፖሊዮ አቅጥኖታል፤ የምሄደው በክራንች ነው። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ አንዴ ውስጥ ግቢ» ይሉኛል። ሰው ድንገት ካየኝ ደግሞ «ወለም ብሏት ነው፣ ይሻላታል» ይላሉ። ወራት አለፉ፤ ወለምታዬ አልድን አለ። አንዷ እንግዳማ ሌክ ሲቲ ሰፈር ጥሩ ወጌሻ አለ ብላ ስልኩን ልትሰጠኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ውስጤን አንገበገበኝ።

ከዚያ ስለ አንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ ሰማሁ። ሰው የሰጠውን ልብስና ዕቃ እየሸጠ በገቢው አካል ጉዳተኞችን ለሥራ ያሠለጥናል። ሄጄ ተመዘገብኩ።

እትዬ ዘነበች ሲሰሙ ጮኹ። «የሰው አሮጌ ልብስ ልታገላብጪ? የሞተ ሰው ይሁን የታመመ የለበሰው አይታወቅ! ደግሞስ ሰው ቢያይሽ?»

ዋናዋ የመጨረሻዋ ጥያቄ ነበረች። ለጓደኞቻቸው «ኮሌጅ ገብታለች» ብለው አስወሩ። ለእኔም ቁርጡን ነገሩኝ፤ ከሚያውቁን አንድ ሰው እዚያ ካየኝ ወይ ሥልጠናውን እተዋለሁ፣ ወይ ቤታቸውን እለቃለሁ።

ሥራውን ወደድኩት። ኅዳር ነበር፤ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ዕቃ መቀበያው በር ላይ ከፍ ያለ ወንበር ተሰጥቶኝ ከረጢት እቀበላለሁ፣ የሚሸጠውን ከሚጣለው እለያለሁ። ቦታው እርጥብ ሹራብና የማያውቁት ሰው ቁም ሣጥን ይሸታል። በምሳ ሰዓት የፍርፍር ዕቃዬን ስከፍት አሠልጣኜ ሳትቀር ትጎርስልኝ ነበር። እዚያ ማንም «እግዜር ይማርሽ» አላለኝም። ስዘገይ «ቶሎ በይ እንጂ!» ነበር የምባለው፤ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

አንድ ቅዳሜ አንዲት መኪና በሩ ላይ ቆመች። ሁለት ከረጢት ይዘው የወረዱት የአክስቴ የማኅበር ጓደኛ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ መንገዳቸው ላይ ጣል አድርገው ሊሄዱ ነበር። ከፊት ወንበር እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። አዩኝ። በእጃቸው ግቢ፣ ግቢ የሚል ምልክት አሳዩኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ መግባት እችል ነበር።

«ውይ ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ኮሌጅ አይደለሽም እንዴ? ሶ ዛሬ ቮለንቲር እያደረግሽ፣ በነጻ እያገለገልሽ ነው? እግርሽስ፣ እስካሁን አልተሻለሽም?»

ተነሣሁ። «ኮሌጅ አልገባሁም እትዬ ጥሩወርቅ። እዚህ ትሬይኒንግ ላይ ነኝ። እግሬንም ወለም አላለኝም፤ ፖሊዮ ነው፣ አይድንም። ከረጢቱን ይስጡኝ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይዞሽ፣ ምስኪን…»

«ምስኪን አይበሉኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አልኩና ተቀበልኳቸው። መኪናዋ ሄደች።

በአውቶቡስ ቤት ስደርስ እትዬ ዘነበች ኩሽና ቆመው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሳይዞሩ «አዋረድሽኝ» አሉ።

«እኔ የዋሸሁት ነገር የለም። ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ፤ ሥራውን ግን አልተውም» አልኳቸው። በእሳቸው ፊት ድምፄ ያን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም። ውጪም አላሉኝም፣ ቅሪም አላሉኝም።

በማግሥቱ እንግዶች መጡ። ውስጥ ግቢ እስክባል ሳልጠብቅ ሳሎን መሀል፣ ክራንቼን ሶፋው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ክራንቹን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ለእንግዶቹ ምሳ አቀረቡና ለእኔም ሳህን ሰጡኝ። «እሷ ነገ ሥራ ትገባለች፣ በደንብ ትብላ» አሉ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከሥልጠናው በኋላ ሌላ ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ቤትም ተከራየሁ። ዛሬ ለዚያ ሱቅ የምሰጠውን ልብስ አጥቤ፣ የጎደለ ቁልፍ ተክቼ ነው የምወስደው። ይሽጡት፣ በውድ ይሽጡት! እኔን ሲያይ ያዘነልኝ ሰው ብዙ ነበር፤ አንድም ሰው ግን «ነገ ጠዋት ሥራ አለሽ፣ እንዳታረፍጂ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ያለኝ ያ ሱቅ ነው።