ስምንተኛው መስመር

ታናሽ እህቴን ትርንጎንና የሦስት ወር ልጇን ለማየት ከነታንያ ወደ ቤርሼባ የተነሣሁት እሑድ ማለዳ ነው። በዋዜማው በስልክ «ጡጦውን ይጨርሳል፣ ግን ያለቅሳል፤ ጥሙ አይቆርጥለትም» ብላኝ ነበር። ትርንጎ ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ ባሏ ርቆ ኤላት ከተማ ይሠራል። የዱቄት ወተቱን ከሳምንት በፊት የላክሁላት እኔ ነኝ። በማጸዳው ሆቴል ያረፈች አሜሪካዊት ሳትከፍተው የሰጠችኝ ትልቅ ቆርቆሮ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከቴል አቪቭ ወደ ቤርሼባ

አውቶቡሱ ሞልቷል። ከጎኔ ያለችው ሴት ለልጇ ጡጦ ስታዘጋጅ ዓይኔ መስመሮቹ ላይ አረፈ፦ 20፣ 40፣ 60። ሚሊ ሊትር ነው። የእኔ ቆርቆሮ ግን የሚናገረው በኦንስ ነበር፤ አንዱ ኦንስ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ለትርንጎ ምን ነበር ያልኋት? «አራት ማንኪያ ዱቄት፣ ስምንት ውሃ።» የምን ስምንት እንደሆነ አልነገርኋትም።

መስመሩን ቆጥራ ከሆነ፣ ስምንተኛው መስመር መቶ ስልሳ ነው። ለአራቱ ማንኪያ የሚያስፈልገው ግን ስምንት ኦንስ፣ ሁለት መቶ አርባ ነበር። በዚህ ሙቀት ሳምንት ሙሉ ውሃው የጎደለ ወተት ሲጠጣ ከርሟል።

ደወልሁ። አታነሣም። ደጋግሜ ደወልሁ። ኪርያት ጋትን አልፈን ሜዳው ቡናማ ሆነ፤ ሾፌሩን ፍጠን ለማለት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥሁ።

አምስት ሰዓት፣ ቤርሼባ፣ ሽኩና ዳሌት የሚባለው ሰፈር

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሮጥሁ። በሩን የከፈቱልኝ የትርንጎ አማት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ልጁ ትርንጎ ጭን ላይ ዝሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም።

«ጨርቁን መቼ ቀየርሽው?»

«ትናንት ማታ፣ እታለም። ከዚያ ወዲህ አላረጠበም።»

«ውሃውን እስከ የት ነው የምትሞዪው?»

ጣቷን ስምንተኛው መስመር ላይ አሳረፈች። ሌላ አልጠየቅሁም፤ ታክሲ አስቁመን ወደ ሆስፒታል ከነፍን።

ነርሷ ደሙን ወስዳ ግሉኮስ ስትሰካለት «ወተቱን የሚያዘጋጀው ማነው?» አለች በዕብራይስጥ። አፌን ሳልከፍት ትርንጎ «አኒ» አለች፤ «እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

በኮሪደሩ እማማ ጥሩወርቅ «ወተት መስፈር ያቃታት እናት» እያሉ አጉረመረሙ። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። እኔም ዝም አልሁ።

ሰኞ፣ መመለሻ

ጠዋት ልጁ ሁለት ጊዜ አረጠበ። ሐኪሙ «ጥቂት ቀን ይቆይ እንጂ ይድናል» አለን። ሥራ ስለነበረብኝ በቀትሩ አውቶቡስ ተመለስሁ። መንገዱን ሁሉ ያቺ የተደፋች አንገት ከፊቴ አልጠፋችም።

ነታንያ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልሁ። የትርንጎን ስልክ ያነሡት አማቷ ናቸው።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁጥሩን ነግሬያት መስፈሪያውን አልነገርኋትም።»

«ታዲያ ትናንት ፊቴ ተቀምጠሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

«እሷስ አልፈራችም?» አሉኝና ስልኩን ለትርንጎ ሰጧት።