መቅደላዊት ቪፒኤኑ የተዘጋባት ቀን

መቅደላዊትን በቅርብ የማያውቃት ሰው ቁጡ ናት ይላል። እኔ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአንድ ግቢ አብሬያት ስለኖርኩ ቁጣዋ ከምን እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሥራዋን ሲነኩባት ነው የምትቆጣው። ሌላውን ሁሉ ትችላለች።

የምንኖረው አዘዞ ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የሚኒባስ ረዳቶች ሲጣሩ ከሚሰማበት ሰፈር። የእኔ ክፍል ከእነሱ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል። አባቷ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ጠዋት ደብሩ ግቢ ተቀምጠው የተማሪዎቹን ድምፅ ሰምተው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ነው የሚውሉት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከመቅደላዊት በቀር ሰው የላቸውም። ምግባቸውን የምትሠራ፣ ነጠላቸውን የምታጥብ፣ ሲያቃስቱ ጉልበታቸውን በቅባት የምታሽ እሷ ናት።

ቤቱ የሚተዳደረው በአንድ ኮምፒውተር ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ ድምፅ ይቀዳል፤ እሷ እዚህ ሆና እያዳመጠች ቃል በቃል ትጽፈዋለች። ድምፁም ጽሑፉም የሚቀመጠው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ፣ እዚያ ለመግባት ቪፒኤን የሚሉት ነገር ያስፈልጋታል። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ከቤቷ እስከ ቢሮው በኢንተርኔት ውስጥ የሚዘረጋ፣ ሌላ ሰው የማያየው መንገድ ነው። በሩ ላይ ሁለት ነገር ትጠየቃለች። አንደኛው የይለፍ ቃሏ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሯ በየጊዜው እየለዋወጠ የሚያወጣው ቁጥር ነው። የቢሮው ማሽንም በዚያችው ቅጽበት ያንኑ ቁጥር ያወጣል፤ ሁለቱ ከገጠሙ በሩ ይከፈታል።

ክረምቱን መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ ዝናቡም መስመሩን ሲያበላሸው፣ ሥራዋ ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ነበር። ያን ጊዜ አለቃዋ ወይዘሮ የትነበርሽ በስልክ ቁርጡን ነገረቻት። «አንድ ጊዜ ደግሞ ከዘገየሽ ከቤት መሥራት ቀረ። ወይ አዲስ አበባ መጥተሽ ቢሮ ትቀመጫለሽ፣ ወይ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አለቻት። ሥራውን ብትተወው አባቷን በምን ታኖራለች? አዲስ አበባ ብትሄድስ ለማን ትተዋቸዋለች?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይ የምታገኘው የእነሱን ደፍ ስለሆነ ሰፌዴን ይዤ እዚያ ተቀምጫለሁ፤ ምስር እለቅማለሁ። መቅደላዊት ከውስጥ ናት። እስከ ስድስት ሰዓት የምታስረክበው ሥራ አለባት። ጽሑፉ ወደ ማለቁ ነው፤ የቀራት ገብታ ጨርሳ ማስረከብ ብቻ ነበር።

«አይገባም» ስትል ሰማሁ።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም ይለኛል። ራሱ ያወጣውን ቁጥር ራሱ ትክክል አይደለም ይለኛል» አለች።

ማንን እንደምትል ባላውቅም «ምነው?» አልኩ።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፣ እትዬ።»

ዘግታ ከፈተችው። የዋይፋዩን ሳጥን ከሶኬት ነቅላ መልሳ ሰካች። በርጩማ ላይ ወጥታ ሽቦውን በጣቷ እየዳሰሰች እስከ ጣሪያው ድረስ ተከተለችው፤ አይጥ የነካው ቦታ አልነበረም። ስልኳን ብትከፍት ስልኩ ላይ ኢንተርኔቱ እንደ ውኃ ይወርዳል። ኮምፒውተሩም ሌላውን ነገር ሁሉ ይከፍታል። ያቺ አንዲት በር ብቻ እንቢ አለች።

ቢሮው ውስጥ እንዲህ ያለውን ችግር የሚያይ ቢያዝን የሚባል ሰው አለ። በስልኳ በኢንተርኔት ደወለችለትና እጇ ነፃ እንዲሆን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እንዲያ ነው እኔም የሰማሁት።

«ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው» አለ።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ።»

«እንደገና አጥፊው።»

«ወንድሜ፣ ከማጥፋት ሌላ አላስተማሩህም?»

«የይለፍ ቃልሽን ረስተሽው ይሆናል።»

«ስሜንም ረስቼው ይሆናል በለኝ እንጂ።»

ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር። «እናንተ ጎንደር ያላችሁ ሰዎች መስመራችሁ ደካማ ነው፤ ምን ላድርግሽ?» አላት።

«በዚሁ መስመር ነው የምናወራው። ነገር ፍለጋህ ጥርት ብሎ እየደረሰኝ ነው። መስመሬ ምን ሆነ?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። «የኮምፒውተርሽ ሰዓት ልክ ነው? ቁጥሩ የሚወጣው ከሰዓቱ ነው፤ ሰዓት ከተዛባ ቁጥሩም ይዛባል።»

መቅደላዊት ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን ሰዓት አየች። ቀና ብላ ከእናቷ ፎቶ በላይ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት አየች። «ልክ ነው፤ አንዲት ደቂቃ አልጎደለችም» አለች።

«እስቲ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።»

አንሥታ ላከችለት። አየው። «አዎ፣ ሰዓቱ ደህና ነው። እንግዲያው ፕሮግራሙን ከነሥሩ አጥፊውና እንደ አዲስ ጫኚው» አለ።

እሱን ስትሠራ ነው ጠዋቱ ያለቀው። ሌላ ጊዜ ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይነካው የምታለብሰው ነጭ ዳንቴል አላት፤ በእጇ የሠራችው ነው። ጭነቱ አልቆ ያው ቃል እንደገና ሲመጣባት ዳንቴሉን ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ምስሬን ለቀምኩ። እሷ ስትቆጣ መናገር አልወድም፤ ቃሌ መንገድ ላይ ይጠፋብኛል።

ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ የትነበርሽ ነበረች።

«መቅደላዊት፣ ሥራው እስካሁን አልመጣም።»

«ቪፒኤኑ አልከፍት ብሎኝ ከጠዋት ጀምሮ ከቢያዝን ጋር...»

«ሁልጊዜ የሆነ ነገር አልከፍት ይልሻል። እዚህ ያሉት ሁሉ ገብተዋል። እስከ ስድስት ሰዓት ካላየሁት ሰኞ ቢሮ እንገናኝ» ብላ ዘጋችባት።

መቅደላዊት ስልኩን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ከመወርወሯ ይልቅ ያ አስፈራኝ። «አባባን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ልሂድ?» አለች፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን እየተደገፉ የገቡት በዚህ መሐል ነው። ኮምፒውተሩ አጠገብ የራሳቸው ወንበር አላቸው። መቅደላዊት የድሮ መምህራቸው የተቀዱበትን ዜማ ጭናላቸዋለች፤ እንዴት እንደሚከፍቱት፣ ማውሱን እንዴት እንደሚይዙት፣ ቀስቷን ወዴት እንደሚወስዱ በትዕግሥት አስተምራቸዋለች። እሷ ሥራ ስትጨርስ ወይም ገበያ ስትሄድ ተቀምጠው ይሰማሉ።

«ዛሬ ደግሞ ይኸን ዕቃ ምነው ተቆጣሽው?» አሉ።

«አይሠራም።»

«እንዴት አይሠራም? ሰዓቱ እንኳ ሸጋ ሆኗል።»

መቅደላዊት ዞረች። «ሰዓቱ ምን ሆነ?»

«ትናንት አንቺ ገበያ ሳለሽ አቃናሁት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲዋሽ ከርሞ የለም? ጠዋት በሦስት ሰዓት ዘጠኝ ይላል። ቀስቷን ወስጄ ነካ ነካ አደረግሁት፣ ተቃና። የሚያርመው አጥቶ ነው እንጂ እሺ ባይ ዕቃ ነው።»

እኔ ወዲያው አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ነው ያስረዳችኝ። ማሽኑ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። እኛ ከፀሐይ መውጫ ነው። በእኛ የጠዋት ሦስት ሰዓት እሱ ዘጠኝ ማለት አለበት። መሪጌታ ሦስት እንዲል ስላደረጉት ገና ሌሊት ነው ብሎ አምኖ፣ ያለፈውን የሌሊት ቁጥር ሲያወጣ ነው የዋለው። እሷ ስታየው ውጭ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ማሽኑም ሦስት ይላል። ቢያዝንም አዲስ አበባ ተቀምጦ ያየው ያንኑ ነው። የግድግዳውም ሰዓት መሰከረ። ማን ይጠርጥር?

«አባባ፣ ማን ንኩ አለዎት?» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ነበር።

«ማን አትንኩ አለኝ? ቤቱ አዘዞ፣ መብራቱ የአዘዞ፣ ፀሐዩ የአዘዞ። ሰዓቱ ስለምን የፈረንጅ ይሆናል?»

«እንጀራችን እዚያ ሰዓት ላይ ነው ያለው። በእርስዎ ማቃናት ምክንያት ከሰኞ ጀምሮ አዲስ አበባ ነኝ። ማን ውኃ ያቀብልዎታል? ማን ጉልበትዎን ያሻል? ፀሐዩ ነው?»

መሪጌታ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ሰፌዱን ይዤ ልነሣ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ።

እሷ ተቀምጣ ሰዓቱን ወደ ነበረበት መለሰችው። ቁጥሩን አስገባች። በሩ ያለ አንዳች ማንገራገር ተከፈተ፤ እንዲያ ቀላል መሆኑ የባሰ አናደዳት። ሥራዋን ጨርሳ ስታስረክብ ግን ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

ወዲያው ቢያዝን ጋ ደወለች። የሆነውን ከነገረችው በኋላ፣ «ፎቶውን አይተህ ደህና ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸን ለወይዘሮ የትነበርሽ ራስህ ንገራት» አለችው።

«እኔ እኮ በልማድ ነው ያየሁት። ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሦስት ይላል።»

«እኔም በልማድ ነው። የአንተ ልማድ ምንም አያመጣብህም፤ የእኔ ግን ከቤቴ ሊያስወጣኝ ነው።»

«ታዲያ እኔ ላይ እንዲላከክ ነው?»

«ግማሹ ያንተ ነው። ግማሹን እኔ ወስጃለሁ። ፎቶው እጄ ላይ ስላለ ካልነገርካት እልክላታለሁ፤ ያኔ ሙሉውን ትወስደዋለህ።»

ቢያዝን ብዙ አጉረመረመ፤ መንገሩን ግን ነገራት። ስልኩ እስኪጮህ መቅደላዊት ቆማ ጠበቀች፤ መሪጌታም መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። ወይዘሮ የትነበርሽ ስትደውል ነገሩን አላንዛዛችውም። «ቢያዝን ነግሮኛል። ሊያየው ሲገባ አላየውም። ለዚህኛው አልቆጥርብሽም፣ እዚያው ሥሪ» አለች። ከጠዋቱ ቃሏ አንዱንም አላነሣችም።

መቅደላዊት «እሺ» ብላ ዘጋች። አመሰግናለሁ አላለችም።

ከዚያ ሰዓቱን ማንም እንዳይነካው በይለፍ ቃል ቆለፈችው። ወደ ማጀት ገብታ የአባቷን ሽሮ አሞቀች፤ የክዳኑ ድምፅ እኔ ዘንድ ድረስ ይመጣል። ሳህኑን ፊታቸው ስታስቀምጠው ሽሮው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አልጠረገችውም። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ቆለፍሽብኝ?» አሉ።

«ዜማው ክፍት ነው። የቆለፍኩት ሰዓቱን ነው።»

ጥቂት ጎረሱ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታቸው መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«ሰኞ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

«እቀራለሁ» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«እንግዲያስ ቀስ ብለሽ ተቆጪ» አሉ መሪጌታ። «ጊዜ አለን።»