ሉፐስና አንደኛ ምርጫዬ

መጀመሪያ ያመመኝ ጣቴ ነው። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ተነስቼ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን መክፈት አቃተኝ። ጣቶቼ አብጠው አልታጠፍ አሉ። ረፋድ ላይ ሲፍታቱልኝ ረሳሁት፤ በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። እማዬ አየችና «ብርድ ነው፤ በባዶ እግርሽ ሴራሚክ ላይ እየሄድሽ!» አለችኝ። በእኛ ቤት ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ጉርድ ሾላ ያለ ክሊኒክ ሄጄ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። አተኩሶት ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ ባውቀው ደስ ይለኛል። መድኃኒቱ አለቀ፤ ትኩሳቱ አላለቀም። ቀጥሎ ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቀይ ሽፍታ ወጣብኝ፤ ፀሐይ ላይ ስቆም ይብስብኛል። እማዬ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችኝ። አልጠፋ ሲል አትላስ አካባቢ አንድ የቆዳ ሐኪም ቅባት አዘዘልኝ። ለጉልበቴና ለጣቴ ደግሞ የአጥንት ሐኪም ማስታገሻ ሰጠኝ። ሁሉም የጠየቁኝን መለስኩ። ለቆዳ ሐኪሙ ስለ ጣቴ፣ ለአጥንት ሐኪሙ ስለ ፊቴ አልነገርኩም። ምን ያገናኘዋል ብዬ!

በዚያው ሰሞን ዲፓርትመንት የምንመርጥበት ጊዜ ደረሰ። አባዬ ጉርድ ሾላ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ሐሳቡን ከቆረጠ ቆይቷል። ሜዲካል ላብራቶሪ! «ባዮሎጂ የተማረ ልጅ ሱቄ መጥቶ ሥራ ጠይቆኛል፤ ላብራቶሪ የተማረ ግን ጠይቆኝ አያውቅም» ይላል። እውነቱን ነው። በእኛ ሰፈር ባዮሎጂ ሌላው ያልደረሰው ልጅ የሚመደብበት ነው። የእኔ ልብ ግን እዚያ ነበር። ቅጠሉንም፣ ትሉንም፣ ልብንም አንድ ላይ የሚያስተምር ሌላ ትምህርት አላውቅም። ቢሆንም ከአባዬ ጋር መከራከር ደከመኝና እሺ አልኩ።

የምርጫውን ቅጽ ሳልሞላ ታምሜ ወደቅኩ።

እግሬ አበጠ። ዓይኔ ሥር አበጠ። ሽንቴ አረፋ ሆነ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ቦሌ አንድ ሆስፒታል ተኛሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የት ያምሻል ብዬ አልጠይቅሽም። ደህና ከነበርሽበት ጊዜ ጀምረሽ ሁሉንም ንገሪኝ፤ አይገናኝም የምትይውንም» አሉኝ። ነገርኳቸው። እማዬ ከጎኔ ሆና «ምችም አለባት፤ ፀሐይ ሲነካት ፊቷ ይቀላል» አለች። ዶክተሯ ወደ እሷ ዞሩ። «ፀሐይ ሲነካት ነው ያሉት?» ብለው ደግመው ጠየቋትና ያን ቀን ብዙ ደም አስቀዱኝ።

ውጤቱ ሲመጣ አባዬ ኮሪደር ላይ «ለእሷ አይንገሯት» ብሎ ለመናቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። «መድኃኒቱን የምትውጠው እሷ ናት» አሉት። ገብተው ነገሩኝ።

«ሉፐስ ይባላል። ሊጠብቅሽ የሚገባው የመከላከያ ኃይልሽ ራስሽን እየመታሽ ነው። ጣትሽም፣ ፊትሽም፣ ኩላሊትሽም አንድ በሽታ ነው።»

እድናለሁ ወይ አልኳቸው። «በሽታውን እናስተኛዋለን» አሉኝ። ይጠፋል አላሉኝም።

አንድ የኩላሊት ስፔሻሊስት ባዮፕሲ፣ ማለትም ከኩላሊቴ በመርፌ ትንሽ ናሙና፣ መውሰድ ነበረበት። በሆዴ ተኛሁ። «ትንፋሽሽን ያዢ» አለኝ። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፈራሁ። ኩላሊቴ ቢያልቅስ? አለቀስኩ። ከናሙናው ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ታወቀና መድኃኒቱ በልኩ ተመረጠልኝ። ያ ሰው ኩላሊትን ብቻ ዕድሜውን ሙሉ ባያጠና ኖሮ ዛሬ የእኔ ኩላሊት አይኖርም ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ስፔሻሊስት መናቅ አታድርጉብኝ።

ትምህርቴን ለአንድ ዓመት አቋርጬ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ያለው ቤታችን ገባሁ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒቴ ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው፤ ጎረቤቱም እያየ «ተመስገን፣ ወፈርሽልን፣ ተስማማሽ» ይለኝ ጀመር። ጠያቂው ሁሉ ብርቱካንና ዲፓርትመንት ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዷ ፋርማሲ፣ ሌላው ነርሲንግ፣ አንዳንዱም የራሴን በሽታ እንዳጠና ይመክረኛል። በመሐል እብጠቴ ጎደለ፣ ሽንቴ ውስጥ የሚወጣው ፕሮቲን እየቀነሰ መጣ፣ እኔም ቀስ በቀስ ያለ ድጋፍ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ መሄድና መመለስ ቻልኩ።

ወደ ትምህርቴ ልመለስ ስዘጋጅ አባዬ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠ። «ልጄ፣ ላብራቶሪው ይቅርብሽ። ቀለል ያለውን ውሰጂ፤ ባዮሎጂም ይሁን» አለኝ።

የፈለግኩትን ሰጠኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ባዮሎጂን የሰጠኝ እንደ ትምህርት ሳይሆን እንደ ትራስ ነበር፤ ጋደም እንድልበት። ይባስ ብሎ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። የምወደው ስለምወደው ነው ወይስ ስለደከመኝ? ሉፐሱ መርጦልኝ ከሆነ ባዮሎጂ መግባቴ ምኑ የእኔ ነው?

በቀጠሮዬ ቀን ዶክተሯን በቀጥታ ጠየቅኳቸው፤ ላብራቶሪ ብማር ሰውነቴ ይችለዋል? ውጤቴን ተመለከቱ። «በሽታሽ ተኝቷል። መድኃኒትሽን እስከወሰድሽ፣ ክትትልሽን እስካላቋረጥሽ ትችያለሽ» አሉ። ቀና ብለውም «ሉፐስን ለምትሸሺውም ለምትፈልጊውም ነገር ሰበብ አታድርጊው» አሉኝ።

ማታ እማዬ ባለችበት ለአባዬ ነገርኩት። «ላብራቶሪ እችላለሁ። ዶክተሯም ብለዋል። አሁን ባዮሎጂ የምገባው ስላቃተኝ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቆዳዬን ያየው ቆዳዬን አየ፣ ጉልበቴን ያየውም ጉልበቴን አየ። ማንም አልተሳሳተም፤ ግን ሙሉውን ያየኝ አልነበረም። እኔ ከሙሉው ልጀምር፤ ኋላ በማስተርስ ወደ ኢሚዩኖሎጂ፣ ወደ ሰውነት መከላከያ ጥናት፣ እጠብባለሁ።»

«ሥራስ ካጣሽ?»

«ሱቅህ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።»

ሳቁን መያዝ አቃተው። እሺ አላለኝም፤ እምቢም አላለኝም።

ሬጅስትራር ያለው ሠራተኛ ምርጫዬን አይቶ «እህቴ፣ ተሳስተሽ ነው? ባዮሎጂን አንደኛ አድርገሽዋል፤ ነጥብሽ እኮ ላብራቶሪ ያስገባሻል» አለኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። በሽታው አንድ ጊዜ ተነስቶብኝ ነበር፤ ቶሎ ስለተናገርኩ መልሰን አስተኛነው። ሁሉንም አንድ ላይ የሰሙኝን ዶክተር፣ ኩላሊቴን ያተረፈልኝን ስፔሻሊስት፣ በሌሊት ሳይቀር ያገላበጡኝን ነርሶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ እኔ ለታመማችሁ ግን ይህን እላለሁ። ለሐኪም የማይገናኝ የሚመስላችሁንም ንገሩት። ፕሬድኒሶሎንን ተሻለኝ ብላችሁ በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። የበሽታችሁን ስም እወቁ። የሕይወታችሁን ምርጫ ደግሞ እንደምትችሉ ካወቃችሁ በኋላ ምረጡ፤ ያን ጊዜ የመረጣችሁት ቀላሉም ቢሆን የእናንተ ነው።

በበጋ ፀሐይ ካምፓስ የምገባው የእማዬን የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ይዤ ነው። ልጆቹ «እማማ መጡ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን ሰው ምን እንደምማር ሲጠይቃት «ሳይንስ ነገር ናት» ብላ ወሬ ትቀይር ነበር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ጎረቤት «ልጅሽ ምን ላይ ደረሰች? የምን ዶክተር ልትሆን ነው?» አለቻት። እማዬ ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብላ ያዘችና ድምጿን ከፍ አድርጋ መለሰች።

«ባዮሎጂ ነው የምትማረው። ሙሉውን።»