የነስሩ ክምር

ትናንት ጠዋት ነው... ቅዳሜ። የማጠናከሪያ ትምህርት አለ ብዬ ሄጄ ቲቸር ስላልመጣ ከበር ተመለስኩ። አባዬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥበቃ ስለሆነ ሌሊቱን ሠርቶ ገብቶ ተኝቷል። እማዬ ቀፊራ ገበያ ሄዳለች።

ቦርሳዬን ሳላወርድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ጋሪ ነጂ ቆሟል። ጋሪው በሸራ ተሸፍኗል፣ ላዩ ላይ አካፋ ተጋድሟል። አህያው ከእኔ ፈቃድ ሳይጠብቅ ጭንቅላቱን ግቢያችን ውስጥ አስገብቷል።

«በሩን ወለል አድርገው፣ ጋሪውን ወደ ጓሮ ላስገባ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጓሯችን ውስጥ አንድ ክምር አለ። የታላቅ ወንድሜ ነው። ነስሩ ይባላል... «ይባል ነበር» ማለት ገና አልለመድኩም። ሁለት ወር ሆነው። ትኩሳት ያዘው፣ በአራተኛው ቀን አጣነው።

ነስሩ ግብርና ተምሮ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የጓሯችንን አፈር በእጁ አፍሶ ማሽተት ነበር። «አባ፣ ይሄ አፈር ደክሞታል» አለ። አባዬ ፓፓያውንም ቃሪያውንም የሚያሳድገው በዩሪያ ነበር፣ ተባይ ሲያይ ደግሞ መድኃኒት ይረጫል። ነስሩ ሁለቱንም አስተወው። በፓፓያው ሥር ቦሎቄ ዘራ። የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የፍየል በጠጥ፣ ደረቅ ቅጠልና አመድ እየደራረበ ይከምር ጀመር። ይሄ ሲበሰብስ ነው ማዳበሪያችን አለ።

የመጀመሪያው ምርት አነሰ። ያውም በጣም። አባዬ ጎረቤት እየሰማ «ልጄን አስተምሬ ቆሻሻ ሰብሳቢ አደረግኩት!» ይል ነበር። ነስሩ አይቆጣም። «አባ፣ አፈሩ ከሱስ እየወጣ እኮ ነው። አንድ ዓመት ብቻ ስጠኝ» ይለዋል። አባዬ ደግሞ «ወላሂ፣ አንድ ቀን ጋሪ ጠርቼ ነው የማስጠርገው!» ብሎ ይምላል።

ክምሩ መሀል አንድ ረጅም እንጨት ተሰክቷል። ነስሩ ጠዋት ጠዋት ይነቅለውና ጫፉን ጉንጬ ላይ ያስነካኛል። ሞቆ ከወጣ ክምሩ እየሠራ ነው። ቀዝቅዞ ከወጣ መገልበጥ አለበት። የሚገለብጠው ሰው ካጣ በዚያው ቀዝቅዞ ይቀራል። «ትኩሳቱን ለካልኝ እስቲ፣ ዶክተር» ይለኝ ነበር።

እሱ ከሞተ ወዲህ ጓሮ ሄጄ አላውቅም። እንጨቱን ነቅዬ ቢቀዘቅዝስ... ብዬ።

እና ትናንት ጋሪው መጣ።

«ክምሩን አትነካውም!» አልኩት ሰውዬውን።

«ወሪያ፣ ምን ሆነሃል?»

«አባዬ ሺህ ጊዜ ይጥራህ፣ አዙር ጋሪህን!»

«አቦ፣ በሰላም በመጣሁ! ቀስ በል፣ አህያዬን ታስደነግጥብኛለህ!»

ሮጬ ጓሮ ገባሁና ክምሩ ፊት እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ዩኒፎርም ለብሼ፣ ቦርሳ አንግቼ... ፍጹም ቅጣት ምት የሚጠብቅ በረኛ ነው የምመስለው። ሰውዬው አህያውን እየጎተተ ተከተለኝ። አየኝ። አህያውም አየኝ።

«ጨረስክ?» አለና ሸራውን ገለጠው።

የማንጎ ልጣጭ። የፓፓያ ልጣጭ። ተጨምቆ ያለቀ ብርቱካን። ጋሪው ሙሉ ነው።

«ከቀፊራ ጁስ ቤቶች ነው። በየቅዳሜው አመጣለሁ፣ አባትህ ይቀበለኛል። ዛሬ እንቅልፍ ጥሎት መሰለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጁ ከሞተ ጀምሮ ነዋ። በፊት እሱ ራሱ በባጃጅ እየጫነ ይወስድ ነበር፣ አላህ ይርሀመው...» አለና ድንገት ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። «ወንድምህ ነው እንዴ?»

ዞር ብዬ እንጨቱን ነቀልኩት። ጫፉን ጉንጬ ላይ አደረግኩት።

ሞቋል። ሁለት ወር ሙሉ ማንም ያልነካው ክምር እንዲህ ሊሞቅ አይችልም። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ የአህያውን ጆሮ ማሻሸት ሲጀምር ነው እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅኩት።

«እንጨቱን መልሰው፣ ሙቀቱ ይወጣል» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

አባዬ ነው። ሽርጥ እንዳገለደመ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ አብጧል። ለካ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን፣ ከሥራ ሲመለስ፣ ሳይተኛ በፊት...

«አባ፣ ትጠላው አልነበር?»

አካፋውን ከጋሪው ላይ አነሳ። ልጣጩን ወደ ክምሩ መወርወር ጀመረ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

«አንድ ዓመት ስጠኝ ብሎኝ አልነበር?» አለ። «ገና ዘጠኝ ወሩ ነው።»

ቦርሳዬን አውርጄ ሦስታችን ክምሩን ገለበጥነው። ከታች በኩል ትሎች ሲርመሰመሱ አባዬ ጎንበስ ብሎ «እያቸው፣ የልጄን ሠራተኞች» አለ። ልጣጭ ሳበዛ ደግሞ «ደረቅ ቅጠል ጨምርበት፣ ያለዚያ ይታፈናል!» ብሎ ጮኸብኝ። የነስሩ ቃል ነው፣ አንድም አላጎደለም። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ለካ አባዬ ሁሉንም ይሰማው ነበር። ነስሩ ይህን ሳያይ...

ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ወር ቀርቶታል። ሲሞላ ምን እንደምናደርግ አባዬን አልጠየቅኩትም። እኔ እንደሆነ ባይሞላ ደስ ይለኛል።

ቲቸር፣ ይህን ካነበብክ... ከእንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት አትጠብቀኝ፣ ትኩሳት የምለካው አለኝ።